ተያያዥ ፖስታ ስናትም አድራሻው ወደ ላይ እየሸሸ አስቸገረን (ባሕር ዳር)

ደንገል፦ ሐምሌ 6፣ ምሽት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነኝ። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በየሦስት ወሩ ለ1,200 አባላቱ የሂሳብ መግለጫ በፖስታ ያድላል። እስካሁን ስሙን በእጅ ነበር የሚጽፉት፤ ሁለት ሰው ሳምንት ሙሉ ይቀመጥበታል። አሁን ፖስታዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ወደ ማተሚያው እንዲገቡ፣ ስምና ቀበሌ፣ የአባል ቁጥርም እየታተመባቸው እንዲወጡ ይፈልጋሉ። ያላቸው ዶት ማትሪክስ፣ ማለትም የቀለም ሪባኑን በመርፌ እየመታ በነጠብጣብ የሚያትመው ማሽን ነው። ሌላ ለመግዛት አቅም የላቸውም፤ ማሽኑ ጤነኛ ስለሆነ እኔም ግዙ አልላቸውም።

ተዘጋጅቶ የሚመጣው ተያያዥ ፖስታ ለዚህ ብዛት ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ራሳችን ልንሠራው ተነሣን። በሁለቱም ጠርዝ ቀዳዳ ያለውን ተጣጣፊ የኮምፒውተር ወረቀት ዘርግተን፣ ባለ 220 በ110 ሚሊሜትሩን ረጅሙን ፖስታ አንዱን ከአንዱ ሥር እያስጠጋን በኮላ ለጠፍን። የገጹን ርዝመት ፕሮግራሙ ላይ 26 መስመር አልነው፤ 26 መስመር 110 ሚሊሜትር ይሆናልና።

የመጀመሪያው ፖስታ ላይ ስሙ ልክ ቦታው ላይ ዐረፈ። ደስ አለን። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ከፍ አለ። አሥረኛው ላይ ሁለት ሣንቲም ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወጥቶ ቴምብር የሚለጠፍበት ቦታ ገባ። በዚያ ላይ በየመካከሉ አንዳንዱ ፖስታ ወገቡ ላይ ይጎብጥና ማሽኑን ያፍነዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ወረቀቱ ቀዳዳው አጠገብ ይቀደዳል። 40 ፖስታ አበላሸን። ይህ ገንዘብ ጉልት ነግደው የሚቆጥቡ እናቶች ገንዘብ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

ፖሊ ግቢ፦ ሐምሌ 6፣ ምሽት

እህቴ፣ አይዞሽ። የማተሚያው ዓይነት ምንድን ነው? 9 መርፌ ነው ወይስ 24? ወረቀቱስ ስፋቱ ስንት ነው?

ደንገል፦ ሐምሌ 6፣ ምሽት

ኤፕሰን ኤልኤክስ-350 ነው፤ 9 መርፌ፣ በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚያትመው ጠባቡ። ወረቀቱ 9 ኢንች ተኩል በ11 ኢንች የሚባለው።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 7፣ ጠዋት

ልጄ፣ በጡረታ እስክወጣ ድረስ በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የደመወዝ ወረቀት ሳትም ነው የኖርኩት። የገለጽሽው ችግር ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ነው። ፖስታውን ለካሽ፤ ቀዳዳውን ግን አልለካሽም።

ተጣጣፊውን ወረቀት የሚጎትቱት ጥርሶች ናቸው። ጥርሶቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ተራርቀዋል። በዚህ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ ርዝመቱ በዚህ ግማሽ ኢንች ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የአንቺን 110 ለ12.7 አካፍዪው፤ 8.66 ይመጣል። ስምንት ቀዳዳ ሆኖ ከዘጠነኛው ሁለት ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖስታ ከቀዳዳው አንጻር የሚጀምርበት ቦታ የተለያየ ነው፤ እጅሽ የሚመራበት ምልክት የለውም። በእጅ ስታስጠጊ ደግሞ በሁለት ፖስታዎች መካከል አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሳታዪው ይገባል። ማሽኑ በየፖስታው 110 ብቻ ይጎትታል፣ ፖስታው ግን 112 ላይ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ዘጠኝ ጊዜ ሲደመር 18 ነው። አሥረኛው ላይ ያየሽው ይኸው ነው።

የሚጎብጠውስ? ወረቀቱ በየ11 ኢንቹ፣ ማለትም በየ279.4 ሚሊሜትሩ ይታጠፋል። በ110 ስትሄጂ ሦስተኛው ፖስታ ከ220 ጀምሮ 330 ላይ ያበቃል፤ እጥፋቱ ወገቡ ሥር ዋለ ማለት ነው። ከኋላው ወረቀቱ ሲታጠፍ ፖስታው አልታጠፍም ብሎ ይገተራል፤ ሮለሩ ጋ ሲደርስ ይታፈናል።

የቀኙ መቀደድ ከስፋቱ ነው። 9 ኢንች ተኩል ከሚሆነው ስፋት የሁለቱ ጠርዝ ተቀዳጅ ሰቅ ግማሽ ግማሽ ኢንች ይወስዳል። የሚቀረው 8 ኢንች ተኩል፣ 215.9 ሚሊሜትር ነው። 220 የሆነ ፖስታ እዚያ ውስጥ አይገባም። ጫፉ የጥርሱ ክዳን ሥር ገብቶ ይጨናነቃል።

መፍትሔው ይህ ነው። ረጅሙን ፖስታ ተዪውና ሲ6 የሚባለውን፣ 162 በ114 ሚሊሜትሩን ያዢ። ኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሲታጠፍ ውስጡ ልክ ይገባል። የአንዱን ፖስታ ቦታ ከእነ ክፍተቱ አምስት ኢንች ተኩል አድርጊ፤ 11 ቀዳዳ ማለት ነው። አንድ ሉህ 22 ቀዳዳ ስላለው በትክክል ሁለት ፖስታ ይይዛል፤ እጥፋቱም ሁልጊዜ በሁለት ፖስታ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይውላል። አንዱ ከአንደኛው ቀዳዳ ይጀምራል፣ ቀጣዩ ከ12ኛው። በመስመር ስትቆጥሪ ደግሞ በኢንች 6 መስመር ስለሆነ 33 መስመር ነው።

ፖሊ ግቢ፦ ሐምሌ 7፣ ቀትር

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እኔም ተማርኩበት። ለእህታችን የትእዛዝ ቁጥሮቹን ልጨምር። ማሽኑ የገጹን ርዝመት እንዲያውቅ 27፣ 67፣ 0 ብለሽ ከዚያ የኢንቹን ቁጥር ትልኪያለሽ። ፖስታው ሲያልቅ 12 ቁጥርን ከላክሽ ወደ ቀጣዩ ራስ ይዘላል።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 7፣ ቀትር

ልጄ፣ ያልከው ትእዛዝ ሙሉ ኢንች ብቻ ነው የሚቀበለው። አምስት ተኩል የሚባል ቁጥር አያውቅም። 5 ብትለው በየፖስታው ግማሽ ኢንች ይጎድላል፣ 6 ብትለው ግማሽ ኢንች ይተርፋል። ዜሮዋን ትተህ በመስመር ላክለት፤ 27፣ 67፣ 33። ከዚያ በፊት 27፣ 50 ልከህ በኢንች 6 መስመር መሆኑን አረጋግጥ፤ 33 መስመር ትርጉም የሚኖረው በዚያ ልክ ሲቆጠር ነውና። ማሽኑ ትእዛዙን ሲቀበል የቆመበትን ቦታ የገጽ ራስ አድርጎ ይይዛል፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከመላኩ በፊት የመጀመሪያው ፖስታ በቦታው ተስተካክሎ መቆም አለበት።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ካርቶን ወረቀት ያበላሸሁበት። አንዳንድ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ስም መጀመሪያ ላይ 27፣ 64ን ይልካል። ማሽኑን ወደ መነሻው የሚመልስ ትእዛዝ ነው። ያን ጊዜ 33 ያልከው ይረሳና ወደ ቀድሞው የገጽ ርዝመት ይመለሳል፤ አንዱን አትሞ ብዙ ወረቀት ባዶውን ይተፋል። 27፣ 64 በሥራው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ይላክ።

ፖሊ ግቢ፦ ሐምሌ 7፣ ቀትር

ልክ ነዎት፤ መመሪያውን ከፍቼ አየሁት። ይቅርታ እህቴ፣ የመጀመሪያውን አትጠቀሚበት።

ፊደል ወዳድ፦ ሐምሌ 7፣ ምሽት

ውይይቱን በጥሞና ተከታተልኩ። አንድ ነገር ግን አልተነሣም። ደንገል፣ ስሙን በምን ፊደል ነው ያተማችሁት?

ደንገል፦ ሐምሌ 7፣ ምሽት

ለሙከራ በላቲን ፊደል ነው። ማኅበሩ ግን በአማርኛ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ አባላት የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ነው።

ፊደል ወዳድ፦ ሐምሌ 7፣ ምሽት

እንግዲያውስ የቁጥሩ ትእዛዝ ብቻውን አያደርስሽም። ማሽኑ በሆዱ የያዘው የላቲንና የመሰል ፊደላት ቅርጽ ነው፤ የእኛ ፊደል የለውም። አማርኛውን ከዊንዶውስ እንደ ሥዕል መላክ አለብሽ። ያን ጊዜ የገጹን ርዝመት የሚወስነው በኮምፒውተሩ ላይ የምትመዘግቢው የወረቀት መጠን ነው። አዲስ መጠን ፍጠሪና ስም ስጪው። ወርዱ 24.13፣ ቁመቱ 13.97 ሣንቲም ሜትር ይሁን። እባክሽ 14 ብለሽ አታሟዪው። 0.3 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም፤ በመቶኛው ፖስታ ላይ ግን ሦስት ሣንቲም ሜትር ነው።

ወደ ፊደሉ ስመጣ ልቤ የሚነካው ጉዳይ ነው። የፊደል መጠን በነጥብ ሲለካ አንድ ኢንች 72 ነጥብ ነው። የ9 መርፌ ማተሚያ መርፌዎችም ቁልቁል ሲደረደሩ የአንድ ኢንች 72ኛ ያህል ተራርቀው ነው። ስለዚህ ባለ 12 ነጥብ ፊደል ደጋግሞ ካልተመታ የሚያገኘው የ12 ነጠብጣብ ቁመት ነው። አሁን ‘አበበ’ እና ‘አበባ’ ብለሽ ጻፊ። ወንዱን ከሴቷ የሚለየው የመጨረሻዋ ፊደል የቀኝ እግር መርዘሟ ብቻ ነው። በ12 ነጠብጣብ ውስጥ ያቺ እግር ሁለት ወይም ሦስት ነጠብጣብ ናት። ሪባኑ ትንሽ ካረጀ ትጠፋለች፤ የአቶ አበበ ፖስታ ለወይዘሮ አበባ ይደርሳል። ‘ቡ’ እና ‘ቢ’ም እንዲሁ ናቸው፤ የአንዷ ቅጥያ ወገቧ ላይ፣ የሌላዋ እግሯ ሥር ነው።

በ24 መርፌ ማሽን ቢሆን በኢንች 180 ነጠብጣብ ስላለ ያው ፊደል 30 ነጠብጣብ ያገኝ ነበር። አንቺ ግን ያለሽን ይዘሽ ነው የምትሠሪው፤ ስለዚህ ስሙን ከ16 ነጥብ አታሳንሺ። ማሽኑ ወረቀቱን በጥቂቱ እየገፋ ደጋግሞ የሚመታበትን ከፍተኛውን ጥራት ምረጪ፤ ይዘገያል፣ ይዘግይ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያትም አድርጊው፤ ሲመለስም ካተመ የፊደሉ ግራና ቀኝ አይገጥምም። የጭረቱ ውፍረት እኩል የሆነ ፊደል ተጠቀሚ። ንያላ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ያማረ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ በ9 መርፌ ላይ ይበጣጠሳሉ።

የስም ዝርዝሩንም መርምሪ። አማርኛ ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ወጥ ቁጥር ወደሚሰጠው አሠራር፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የፊደል አሠራር የተጻፈ ዝርዝር ከሆነ ፊደሉን ስትቀይሪ ስሙ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆንብሻል። አስቀድሞ መለወጥ አለበት።

ደንገል፦ ሐምሌ 8፣ ጠዋት

የዝርዝሩን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። ከፍቼ አየሁት፤ ግማሹ በድሮው ፊደል ነው። ዛሬ እየለወጥኩት ነው። ደግሞ የስም ርዝመት አስጨነቀኝ። ‘ወልደ ገብርኤል’፣ ‘ገብረ እግዚአብሔር’፣ ‘ኃይለ ማርያም’ ዓይነት ስሞች እስከ አያት ተከታትለው ከመጡ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 30 ፊደል ይሞላሉ። በ16 ነጥብ አንድ መስመር ላይ ለመያዙ እርግጠኛ አይደለሁም።

ፊደል ወዳድ፦ ሐምሌ 8፣ ጠዋት

አያቱን ወደ ሁለተኛው መስመር አውርጂው እንጂ ፊደሉን አታሳንሺበት። ለረጅም ስም ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሁለት መስመር መድቢ፤ አጭር ስም ያለው ሁለተኛው መስመሩ ባዶ ይሁን። ያን ጊዜ ቀበሌውና የአባል ቁጥሩ በሁሉም ፖስታ ላይ አንድ ቦታ ላይ ይገኛሉ። አዳዩ ዓይኑን ሳያንከራትት ያነባል።

ዘጌ ማዶ፦ ሐምሌ 8፣ ቀትር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ በስልክ ያንቀሳቅሳል፤ ባንኮችም ሂሳብ በአጭር መልእክት ይልካሉ። ማኅበሩ ለአባላቱ መልእክት ቢልክ ወረቀትም፣ ኮላም፣ ሪባንም አያስፈልግም። የምናገረው ለማጣጣል አይደለም፤ የእኔም እናት የእንዲህ ያለ ማኅበር አባል ናት፤ ገንዘቧ በወረቀት እንዲያልቅ አልወድም።

ደንገል፦ ሐምሌ 8፣ ቀትር

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም ማኅበሩን ጠይቄ ነበር። ከአባላቱ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በልጃቸው ወይም በጎረቤት ስልክ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ለስልኩ ባለቤት ነው፤ ስንት እንደቆጠበች ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ያውቃል። የታሸገ ፖስታ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። እናትህን ጠይቃት፤ ምን እንደምትል ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ዘጌ ማዶ፦ ሐምሌ 8፣ ምሽት

ደወልኩላት። የእያንዳንዱን ሩብ ዓመት ወረቀት ከነፖስታው በሣጥን እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ‘መልእክቱን አንተ ነህ የምታነብልኝ፤ ወረቀቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው’ አለችኝ። ሐሳቤን አንሥቻለሁ።

ግን አንድ የምነግርሽ አለ። በእኛ በኩል፣ በዘጌ፣ ደብዳቤ ቤት ለቤት አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ሣጥን ያለው ከሣጥኑ ይወስዳል፤ የሌለው በጀልባ በሚመላለስ ሰው እጅ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ጎልቶ መታየት ያለበት የቀበሌው ቁጥር ሳይሆን የቁጠባ ቡድኑ ስም ነው። አምጪው ወደብ ላይ ቆሞ የሚጣራው በቡድኑ ስም ነው። ዝርዝሩም ሲታተም በአባል ቁጥር ቅደም ተከተል ሳይሆን በቡድን ተደርድሮ ቢታተም፣ ሰንሰለቱ ራሱ ተለይቶ ይወጣል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይለይም።

ደንገል፦ ሐምሌ 8፣ ምሽት

ይህን በንድፉ ላይ አስገባሁት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእናትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ካዝና፦ ሐምሌ 9፣ ጠዋት

በአንድ ባንክ የካርድ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ሌላ ዓይነት ተያያዥ ፖስታ ላስተዋውቃችሁ፤ የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥር የሚላክበትን። እሱ ሲታተም ገና ከመጀመሪያው ታሽጎ ነው። ሁለት ሦስት ወረቀት ተደራርቦ ጠርዙ ተጣብቋል፤ ውስጡ ኤንሲአር ወረቀት ነው። የላይኛው ወረቀት ጀርባ ቀለም በቋጠሩ ረቂቅ ከረጢቶች ተቀብቷል፤ የታችኛው ፊት ደግሞ ያንን ቀለም በሚያወጣ ቅባት። መርፌው ከላይ ሲመታ ከረጢቶቹ ይፈነዱና ጽሑፉ ውስጥ ላይ ይወጣል። ሪባኑን ከማሽኑ ስለምናወጣው ከላይ ምንም አይታይም። በጀርባ ብርሃን እንዳይነበብም ቁጥሩ የሚያርፍበት ቦታ በተዘበራረቁ ፊደላት ጥልፍልፍ ተሸፍኗል። ምት ስለሚያስፈልገው ሌዘር ማተሚያ ይህን አይችልም፤ ዶት ማትሪክስ በባንኮች ውስጥ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ለማኅበሩ ይህ ቢሆን ሂሳቡና አድራሻው በአንድ ጊዜ ይታተም ነበር፤ የአንዱ ወረቀት በሌላው ፖስታ የሚገባበት ዕድል የለም። ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ከእሱ ውሰጂ። በፖስታውና በመግለጫው ላይ አንድ ዓይነት ተራ ቁጥር አትሚ፤ መግለጫው ሲታጠፍ ቁጥሩ ከላይ የሚታይበት ጥግ ላይ ይሁን። የሚያሽገው ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያይ አንድም ፖስታ አይዝጋ። የሰው ሂሳብ ለሌላ ሰው ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው ይቅርታ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከየት እንደምትቀጥሉ የሚነግራችሁ ያው ቁጥር ነው።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 9፣ ቀትር

ካዝና ያለው ሁሉ እውነት ነው። መብራትን ካነሣ አይቀር፣ 1,200ውን በአንድ ትእዛዝ አትላኩት። ሃምሳ ሃምሳ አድርጋችሁ ላኩ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የገጹን ራስ ይረሳል፤ እንደገና አስተካክላችሁ ትጀምራላችሁ፣ የሚጠፋው ግን ትንሽ ነው።

አሁን ስለ አለጣጠፉ ልንገርሽ፤ ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዓይንሽን አትመኚ። አንድ ለስላሳ ጣውላ አምጪና ተጣጣፊውን ወረቀት ዘርጊበት። አንደኛው፣ 11ኛው፣ 12ኛውና 22ኛው ቀዳዳ ላይ በሁለቱም በኩል ራስ የሌለው ቀጭን ሚስማር ምቺ፤ የቀዳዳው ወርድ 4 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ሚስማሩ ከዚያ ይቅጠን። ከዚያ የፖስታው ጫፍና የግራ ጎኑ የሚደገፉባቸውን ቀጫጭን ጣውላዎች አጣብቂ። ከዚህ በኋላ ሕፃን ልጅም ቢለጥፈው ሺሁም አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ክፍተቱ 25.7 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሹን ከላይ፣ ግማሹን ከታች አድርጊው።

ውኃ የበዛበትን ነጭ ኮላ አትጠቀሚ፤ ፖስታውን ያሸበሽበዋል። እንደ ሊፕስቲክ የሚወጣውን ደረቁን ኮላ ተጠቀሚ። ቀድሞ ወደ ማሽኑ የሚገባው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ይለጠፍ፤ አንድ ጥግ እንኳ ክፍት ከሆነ የማተሚያው ራስ ይይዘዋል። የኋላው ጠርዝ ግን ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፤ ወረቀቱ በሮለሩ ላይ ሲጎብጥ ፖስታው ትንሽ መንሸራተት አለበት። ጽሑፉ በሚያርፍበት ቦታ ሥር ኮላ አይሁን።

ደንገል፦ ሐምሌ 9፣ ምሽት

ጋሼ፣ ጣውላውን አንድ አናጢ ዛሬውኑ ሠራልኝ። አሁን የጽሑፉን ቦታ እየመደብኩ ነው። ለቴምብር ምን ያህል ልተው?

ፊደል ወዳድ፦ ሐምሌ 9፣ ምሽት

የዓለም ፖስታ ኅብረት አሠራር አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አባል ናት። ከላይኛው ጠርዝ 40 ሚሊሜትር ለቴምብርና ለማኅተም ይተዋል፤ አድራሻው ከቀኝና ከታች ጠርዝ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ይርቃል። ወደ መስመር ልለውጥልሽ። ፖስታሽ ከገጹ ራስ 12.85 ሚሊሜትር ወርዶ ይጀምራል። 40 ሲጨመርበት ከ52 አልፎ 53 ሊሞላ ነው። አንድ መስመር 4.23 ስለሆነ 13 መስመር ዝለይና ከ14ኛው ጀምሪ። ከታች ደግሞ 26ኛው መስመር ላይ አቁሚ። 13 መስመር አለሽ። አማርኛው በ16 ነጥብ አንድ መስመር ተኩል ያህል ቢወስድ እንኳ ለስም ሁለት፣ ለቡድን፣ ለቀበሌ፣ ለቁጥር በቂ ነው።

ፖሊ ግቢ፦ ሐምሌ 10፣ ጠዋት

እህቴ፣ አሁን ክረምት ነው። ጠዋት ጠዋት የጣና እርጥበት ክፍላችን ድረስ ይገባል፤ የደብተሬ ጠርዝ እንኳ ይጠቀለላል። ወረቀቱን አይነካውም?

ደንገል፦ ሐምሌ 10፣ ጠዋት

ይነካዋል እንጂ! ባለፈው ዓመት በነሐሴ የፖስታ ካርቶን ሐይቁ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር አስቀምጠን፣ ስንከፍተው ክዳናቸው ሁሉ ራሱን አጣብቆ አገኘነው። በምራቅ የሚዘጋው ሙጫ እርጥበቱን ጠጥቶ ነው። አንዱን ለመክፈት ስሞክር ክዳኑ ከነወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ ካርቶኖቹን ከወለል ከፍ አድርገን በመሐለኛው ክፍል ነው የምናስቀምጠው።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 10፣ ቀትር

እርጥበት የወረቀቱን ወርድ ከቁመቱ ይልቅ ይለጥጠዋል። የወረቀት ቃጫ የሚሄደው ፋብሪካው በጎተተበት አቅጣጫ ነው፤ ቃጫው ሲያብጥ የሚወፍረው ወደ ጎን ነውና። ስለዚህ የግራውን መጎተቻ ቆልፈሽ የቀኙን ወረቀቱ ሳይወጠርም ሳይረግብም የሚቆምበት ላይ አድርጊው። ጥርሱ በቀዳዳው መሐል መታየት አለበት፤ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካ ጠባብ ነው። ወረቀቱንና ፖስታውን ከመለጠፋችሁ በፊት ማታ ማሽኑ ባለበት ክፍል አሳድሩ፤ ሁለቱ የተለያየ እርጥበት ይዘው ከተጣበቁ ሲደርቁ አንዱ ሌላውን ይስበዋል።

ደንገል፦ ሐምሌ 13፣ ምሽት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሞከርነው። መጀመሪያ ስም ሳናትም 60 ፖስታ ላይ አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ አሳተምን። የአንደኛውንና የ60ኛውን ፖስታ አንሥቼ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ መስኮቱ ላይ ለጠፍኳቸው። በብርሃን ሲታዩ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ዐርፈው አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። አለቃዬ ሦስት ጊዜ አስደግሞ አየው። የምነግራችሁ ቃል አጣሁ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። አማርኛውን ስናትም ከስሙ መሐል አንድ ሰያፍ መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በአንድ በኩል ፊደሉ ደማቅ፣ በሌላው በኩል ደብዛዛ ነው። ሪባኑን ቀየርኩ፣ አልተለወጠም።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 13፣ ምሽት

ፖስታውን ገልብጪና የተጣበቀበትን ስፌት እዪ። ሰያፍ ነው አይደል?

ደንገል፦ ሐምሌ 13፣ ምሽት

አዎ! ልክ እዚያው ላይ ነው።

ሪባን ቀያሪ፦ ሐምሌ 13፣ ምሽት

ስፌቱ ባለበት ወረቀቱ ሦስት ድርብ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ሁለት ድርብ። መርፌው ወፍራሙን አጥብቆ ይመታል፣ ቀጭኑ ላይ ግን በወጉ አይደርስም። በማሽኑ ጎን የወረቀት ውፍረት ማስተካከያ ማንሻ አለ። አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ወፍራሙ አድርጊና አትሚ፤ ከዚያ አንድ ደረጃ መልሺና አትሚ። ሁለቱን አስተያይተሽ ደብዛዛው በኩል የሚነበብበትን፣ ደማቁ በኩልም ሪባኑ ወረቀቱን የማያቆሽሽበትን ያዢ። ለሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ስፌቱ በሁለቱ ጎኖች የሚወርደውን ፖስታ ጠይቂ፤ መሐሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው።

ደንገል፦ ሐምሌ 14፣ ጠዋት

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተስተካከለ። ‘አበበ’ እና ‘አበባ’ን አትሜ ለጥበቃችን፣ መነጽራቸውን አውልቀው ክንዳቸውን ዘርግተው ለሚያነቡት ለጋሽዬ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱንም ለይተው አነበቡልኝ። የዘጌ ቡድኖች ስም ቀድሞ እንዲታተም አድርገናል፤ ዓርብ ጠዋት በሚነሣው ጀልባ ስለሚሄዱ። አሁን ሁለተኛውን ሃምሳ እያተመ ነው፤ ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል።

ዘጌ ማዶ፦ ሐምሌ 14፣ ጠዋት

ዓርብ ወደብ ላይ እኔ ራሴ እቀበላለሁ። ተራ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከርኩ ለየቡድኑ መሪ አስረክባለሁ። የዝርዝሩን ግልባጭ ከፖስታዎቹ ጋር አብረሽ ላኪልኝ።